ጫማውን ያላወለቀው ሟች

መምህር ቀለመ ወርቅ ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ በመበለቲቱ በእትዬ ጽጌ አውድማ ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ፣ የጭድ ማገላበጫው መንሽ ከጎኑ ወድቆ ተገኘ። መንደሩ ገዳዩን ለመፈለግ ብዙ አልደከመም። የእትዬ ጽጌ ተከራይ መምህር እንድርያስ ከሟቹ ጋር በወላጆች በዓል ላይ ተጣልቷል፤ ጎረቤቷ አያ አለበል ደግሞ ሲገድለው አየሁ ብለዋል። ኢንስፔክተር ዘርትሁን ስትደርስ እንድርያስ በገመድ ታስሮ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብላ በልቧ አጉረመረመች።

የጠቡን ምክንያት ጠየቀች። ቀለመ ወርቅ የአሜሪካ ደራስያን ከእርስ በርስ ጦርነታቸው በኋላ ጀግናና ባላባት ማወደስ ሰልችቷቸው፣ ተራውን ገበሬ እንዳለ በገዛ አነጋገሩ መጻፍ እንደ ጀመሩ ያስተምር ነበር። ራሱም በዚያው መንገድ ጽፎ በበዓሉ ላይ አነበበ፤ የመበለት ድንበር ስለሚገፉ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ። ስም አልጠራም።

«ሐሜት ነው አልኩት» አለ እንድርያስ አንገቱን ደፍቶ። «ድርሰት ሰውን ከፍ ማድረግ አለበት ብዬ ጮህኩበት። በዚህ ምክንያት ዕድሜ ልኬን ልታሰር ነው?»

ዘርትሁን ሬሳውን አየች። እትዬ ጽጌ አውድማውን ትናንት ማምሻውን በእበት ለቅልቃው ነበር፤ የሟቹ ጫማ ሶል ላይ ግን ቀይ አፈር እንጂ እበት የለም። ሬሳው ከተነሣ በኋላ ሁሉንም አውድማው ላይ ሰበሰበችና አያ አለበል ያዩትን እንዲደግሙ ለመነቻቸው። ሁለቱ መምህራን እየተጨቃጨቁ መጥተው መሐል ሲደርሱ እንድርያስ በመንሹ እንደ መታው ተናገሩ።

«ሲገቡ ጫማቸውን የት አወለቁ?»

«እዚህ፣ ከዳሩ። እህል በሚወቃበት በጫማ ማን ይገባል? ነውር አይደል።»

«እንድርያስን ይዩት» አለች።

ሰው ሁሉ ጫማውን ዳር ትቶ በባዶ እግሩ ቆሟል። የጎንደር ከተማው ልጅ እንድርያስ ብቻ ሳያውቅ በጫማው ገብቷል።

«ቀለመ ወርቅ ግን የስማዳ ገበሬ ልጅ ነው፤ በእግሩ ቢገባ ያወልቅ ነበር። ጫማው እንደ ታሰረ፣ ሶሉም እበት ሳይነካው ተገኘ። ሞቶ ነው ተሸክመው ያስገቡት። ቀዩ አፈር እርስዎ ወደ እትዬ ጽጌ ማሳ ገፍተው አዲስ የቆፈሩት ድንበር ላይ ያለው ነው። አያ አለበል፣ እርስዎ የነገሩን ያዩትን ሳይሆን መሆን የሚገባውን ነው። ሬሳ ተሸክመው እንኳ ወግዎን አልረሱም፤ የራስዎን ጫማ አውልቀው የእሱን ረሱት።»

አያ አለበል መሬት ላይ ተቀመጡ። ቀለመ ወርቅን ድንበሩን ሲያይ አግኝተው በአካፋ እንደ መቱት አመኑ።

«ስሜን አልጠራም» አሉ ቀስ ብለው። «ግን የድርሰቱ ሽማግሌ ሳል እንኳ የኔው ሳል ነበር። ሲያነበው ሚስቴ ሳቀች።»

ገመዱ ሲፈታለት እንድርያስ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። ሐሜተኛ ያለውን ጓደኛውን ይቅርታ የሚጠይቅበት ሌላ መንገድ አጣ፤ በባዶ እግሩ ቆሞ አለቀሰ።