ከዱቄቱ የወጣው ብረት

ሰው የወደደውን ሲያስብ ልቡ ይመታል ይላሉ። እኔ ሚፍታን ሳስብ አፌ ይመረኛል፤ መትፋት ያምረኛል። እወደው እንደነበር ግን አልክድም። እንዲያውም የሚያናድደኝ መውደዴ ነው።

ነቢላ እባላለሁ። የአሰላ ልጅ ነኝ፤ ሳጉሬ ቤት ተከራይቼ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሚፍታን ያገኘሁት ሽቦ ልመና ሄጄ ነው። ትምህርት ቤታችን ስለ ኤሌክትሪክና ማግኔት የሚያወራ መጽሐፍ እንጂ አንድ ክንድ ሽቦ አልነበረውም። የሐጂ ቱሳ ወፍጮ ሞተር ተቃጥሎ ደጅ ተጥሏል ሲሉኝ ሄድኩ። ፊቱ ዱቄት የለበሰ ረጅም ወጣት ከውስጥ ብቅ አለ። የሐጂ ልጅ ነው።

«ከዚህ ሞተር የመዳብ ሽቦ ብትሰጠኝ? ለተማሪዎቼ ሚስማር ላይ ጠምጥሜ ማግኔት ልሠራበት ነው።»

ሽቦውን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገው። «ልባሱ ነዷል እኮ፣ ቲቸር። ሽቦው እርስ በርሱ ከተነካካ ኤሌክትሪኩ አቋርጦ ያልፋል እንጂ አይዞርልሽም።»

የፊዚክስ አስተማሪዋ አፈርኩ። እሱ ግን አልሳቀብኝም። ገብቶ ሞተር ከሚጠመጥምበት አዲስ ሽቦ ቆርጦ አመጣልኝ። ሲሰጠኝ ዓይኔን አየኝ፤ እኔም አየሁት፤ ከዚያ ሁለታችንም አቀርቅረን ሽቦውን አየን።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስንዴ ለማስፈጨት ተሰልፌ አላውቅም። ሚፍታ ስንዴዬን በጓሮ በር ይቀበለኛል፤ ማታ ሳይመሽ ዱቄቱን ራሱ ተሸክሞ ቤቴ ያደርሳል። ደጃፌ ላይ ቆመን ስናወራ ጎረቤቶቼ ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ። በሁለተኛው ዓመት አሰላ ቤተሰቦቼ ጋ ሽማግሌ ላከ፤ እሺ ተባለ። ኒካው ሊታሰር ሦስት ሳምንት ቀረው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ትልልቅ ሰዎችን አስተምራለሁ። ከመካከላቸው እትዬ ተሻለች የሦስት ልጆች እናት ናቸው፤ የቀን ሥራ ሠርተው ያድራሉ። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ቲቸር ይሉኛል።

አንድ ቅዳሜ ኮምፓስ ከሽቦው አጠገብ አስቀመጥኩ። «ሽቦው ውስጥ ቻርጅ ሁልጊዜም አለ» አልኳቸው። «ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ካልሄደ መርፌዋ አታውቀውም። አሁን እዩ።» ሽቦውን ከባትሪ ድንጋዩ ጋር ሳገናኘው መርፌዋ ዞረች። ክፍሉ አጉረመረመ። «መዳብ ማግኔት አይደለም። ቻርጁ ሲንቀሳቀስ ነው ዙሪያውን ማግኔታዊ መስክ የሚፈጥረው። ሽቦውን ደራርበን ብንጠመጥመው ደግሞ ይበረታል።»

ሽቦ የተጠመጠመበትን ሚስማር አነሳሁ። ብረት እንፈልግበት ዘንድ ከየቤታቸው አሸዋም አፈርም ይዘው እንዲመጡ አዝዤ ነበር። እትዬ ተሻለች ወረቀት ፈቱ።

«ይሄ ዱቄት አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ ቲቸር። ልጆቼ ቂጣውን ጥርሳችን ላይ ይንኮሻኮሻል እያሉ እምቢ አሉኝ። እስቲ ይሞከር።»

ሚስማሩን ዱቄቱ ውስጥ ከትቼ አወጣሁት። ጫፉ ያልተላጨ አገጭ መስሎ ጥቁር በጥቁር ሆኗል። ባትሪውን ስነቅለው ጥቁሩ የብረት ብናኝ ወረቀቱ ላይ ረገፈ። ሳገናኘው መልሶ አነሳው። ሦስት ጊዜ ሞከርኩት።

«የት ነው ያስፈጩት?»

«ሐጂ ቱሳ ጋ ነዋ! ሌላ የት አለ?»

ወጥቼ ከክፍሉ ጀርባ አስታወኩ። ሁለት ዓመት የበላሁት ዱቄት ነው ብዬ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ወፍጮው ሄድኩ። ሚፍታ ሁሉን ሲሰማ አልደነገጠም። ያልደነገጠ ጊዜ ነው እንደሚያውቅ የገባኝ።

«የወፍጮው ድንጋይ በመሮ ሲወቀር የመሮው ብረት ብናኝ ይቀርበታል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ድሮ የራሳችንን አንድ ቁና እንፈጭበትና ለከብት እንሰጠው ነበር። አባቴ ዘንድሮ ለእህሉ ሳሳ። አሁን ድንጋዩን የሚያጠራው መጀመሪያ የመጣ ሰው እህል ነው።»

«የሰው እህል?»

«ትንሽ እኮ ነው፣ ነቢ። ማንም አልታመመም።» እጄን ሊይዝ ቃጣው፤ ከዚያ ደስ የሚያሰኝ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ፊቱ በራ። «ያንቺን ግን ወላሂ አንድም ቀን መጀመሪያ አልፈጨሁትም። ሌሎቹ ድንጋዩን እስኪያጠሩት ቆይቼ ነው። አንቺ የበላሽው ንጹሕ ነው።»

ምነው ባልነገረኝ! ብረቱን እኔ በልቼው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ለካ የእትዬ ተሻለች ስንዴ የእኔ ድንጋይ ማጠቢያ ኖሯል። እሱ ደግሞ ይህን የፍቅር ስጦታ ብሎ አቀረበልኝ።

«ሐራም ነው» አልኩት። «ለሰዉ ንገር።»

«ከኒካው በኋላ። አባቴ ያባርረኛል፤ ምን ይዤ ላገባሽ ነው?»

«በልጅ አመካኝቶ ይበላል አንጉቶ! እኔን ምክንያት አታድርገኝ።»

ሦስት ቀን ጠበቅኩት። በሦስቱም ቀን ወፍጮው ፈጨ፤ እሱ ለማንም አልተናገረም። በአራተኛው ቀን ድንጋዩ ሲወቀር የመሮው ድምፅ እስከ ቤቴ ተሰማ። ማግስቱ ገበያ ነበር።

በማለዳ ስንዴዬን አሸክሜ በፊት ለፊቱ በር ሄድኩና መጀመሪያ ቆምኩ። ከኋላዬ ሰው ተሰለፈ፤ እትዬ ተሻለችም መጡ። ሐጂ ቱሳ ሲያዩኝ ሳቁ።

«ልጄ፣ በጓሮ ግቢ እንጂ! ሙሽራ ከሰው ጋር ትጋፋለች?»

«ተራዬ ነው፣ ሐጂ። እንደማንኛውም ሰው ይፈጭልኝ።»

በሰው ፊት ምን ይበሉ? ለሚፍታ በአገጫቸው ምልክት ሰጡት። እሱ ከረጢቱን ተቀበለኝ።

«ተይ፣ ነቢ» አለ በሹክሹክታ።

ከሰልፉ አልወጣሁም። ስንዴውን አፈሰሰ። እጁን ማብሪያው ላይ አኖረ። አየኝ፤ አየሁት። ሞተሩ አጓራ፤ ወዲያው መልሶ አጠፋው።

«አይፈጭም!» ብሎ ጮኸ። ጮኾም አልቀረ፤ መሮውን፣ ብናኙን፣ መጀመሪያ የመጣ ሰው እህል ምን እንደሚሆን አንድ ሳያስቀር ተናገረ። «የኛ ሥራ ነው። የአባቴና የኔ።»

«ማል ጄቴ?» አሉ ሐጂ፤ ምን አልክ ማለታቸው ነው። የሰሙት ግን ገብቷቸዋል። «ውጣ! ከዛሬ ጀምሮ ልጄ አይደለህም!»

እትዬ ተሻለች ደጃፉ ላይ ተፉ። ሰዉ ሐጂን ከበበ፤ ስድብና እርግማን ወረደ። ሚፍታ ኮቱን እንኳ ሳያነሳ ወጣ፤ ተከተልኩት። «ወንድ ነው፤ ለእውነት ብሎ ከአባቱ ተጣላ» የሚል ድምፅ ከኋላችን ሰማሁ። ደስ አለኝ። መንገዱን ጎን ለጎን ስንሄድ ኒካው ባዶ ቤት ውስጥ ቢሆንም ግድ እንደሌለኝ ልነግረው አፌን ከፈትኩ።

እሱ ቀደመኝ። «ላንቺ ስል ነው፣ ነቢ። ያ ነገር አንቺ ዱቄት ውስጥ ሊገባ ነው ስል እጄ እምቢ አለኝ።»

ቆምኩ።

«ከፊት የቆሙት እትዬ ተሻለች ቢሆኑስ ኖሮ?»

ሊመልስ ከንፈሩን አላቀቀ። ከዚያ መንገዱን አየ። የአሰላ ሚኒባስ ጡሩንባውን እየነፋ አለፈን፤ አቧራው ወርዶ እስኪያልቅ ጠበቅኩት። አቀርቅሮ ቀረ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል፤ የኔም ሞልቷል። ሻርፔን አፌ ላይ ይዤ ብቻዬን ሄድኩ።

ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው። ሚፍታ አሰላ ሞተር ይጠመጥማል አሉ። እናቴ እስከ ዛሬ ታለቅስብኛለች፤ «አባቱን የተወልሽን ልጅ!» ትላለች። ምን ልበላት? ያን ቀን መንገድ ላይ «ለእትዬ ተሻለችም ወፍጮውን አጠፋው ነበር» ብሎ ቢዋሸኝ አምነው ነበር፤ ዛሬ ሚስቱ በሆንኩ ነበር።