ግድግዳው የቀደመኝ ቅዳሜ

ከባሌ ከኃይሉ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን ያደረግነው ተራ ነገር ኳስ ማየት ነበር፣ እኔ ሳሎን እሱ መኝታ ቤት ሆነን፣ በመካከላችን ግድግዳ ቆሞ። ጨዋታው እኩል ለእኩል አለቀ፣ ከወዲያ ሆኖ "ሙሉ፣ ሻይ ይኖራል?" አለኝ፣ አፈላሁለት፣ ጠጣ። በማግስቱ ሆስፒታል ገባ፣ ከዚያ አልተመለሰም።

ይህን የምጽፈው ሰው ያምነኛል ብዬ አይደለም። እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ሰምቼ አምኜ አላውቅም። ለቅሶ ቤት ሴቶቹ ሰብሰብ ብለው "እገሌ ከሞተ በኋላ ኮቴው ተሰማ" ሲባባሉ ተነስቼ ሳህን ማጠብ የምመርጥ ሰው ነኝ፣ ለዚህም ጓደኞቼ ልበ ደረቅ ይሉኛል። ስለዚህ የሆነውን ብቻ፣ ሳልጨምር እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ቤታችንን ልንገራችሁ፣ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። ኦክላንድ ነው፣ ከሰው ቤት ጓሮ የተሠራች ትንሽ ቤት፣ ሳሎንና አንድ መኝታ ቤት፣ ከላይም ከጎንም የሚጋራን ጎረቤት የለም። ጣሪያው ላይ ያለውን ዲሽ የሰቀለልን ሰይድ ነው፣ የወሎ ልጅ ነው፣ ሄይዋርድ ይኖራል፣ ታክሲ እየነዳ በትርፍ ጊዜው ላካባቢው ሀበሻ ሁሉ ዲሽ ይገጥማል። ሪሲቨሩ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ጋር የተያያዘ ነው። የኃይሉ ልብ ደክሞ ከአልጋ መውረድ ሲያቅተው፣ ሰይድ አንዲት ጥቁር ሳጥን አምጥቶ ሪሲቨሩ ላይ ሰካት፣ ሳሎን የሚታየውን በቤታችን ኢንተርኔት በኩል እየወሰደች መኝታ ቤት ላለው ቴሌቪዥን የምትሰጥ ሳጥን ናት።

"ጋሽ ኃይሉ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት" አለው ገጥሞ ሲጨርስ፣ "እርስዎ ዘንድ ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።"

"ግድ የለም" አለው ኃይሉ፣ "ይሄን ሁሉ ዘመን ከሙሉ ጋር ስኖር ምን በሰዓቱ ደርሶልኝ ያውቃል?"

ሰይድ እንዳለውም ሆነ። ጎል ሲገባ እኔ ቀድሜ አያለሁ፣ እሱ ኋላ ነው የሚያየው፣ ስለዚህ ሕግ ወጣብኝ፣ ድምፅ ማሰማት ክልክል። ኳስ ወድጄ አልነበረም፣ ለሱ ብዬ ነው፣ ግን እየዋለ እያደረ እኔንም ያዘኝና ጎል በገባ ቁጥር እንዳልጮህ የነጠላዬን ጫፍ እነክስ ጀመር። እሱ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ "ገባ ማለት ነው" ይለኛል።

"ምን አልኩና?"

"ዝምታሽ ተለወጠ።"

ትንሽ ቆይቶ ጎሉ እሱ ዘንድ ሲደርስ ግድግዳውን በጣቱ አንጓ ሁለቴ ያንኳኳል፣ ከሳቱ ደግሞ በመዳፉ አንዴ ጧ ያደርገዋል። ኋላ ላይ ጮክ ብሎ መናገር ሲከብደው ወሬያችን ከሞላ ጎደል ይኸው ብቻ ሆነ።

አርባው ካለፈ በኋላ ልጃችን ረድኤት ሳን ሆዜ እሷ ቤት እንድገባ ለመነችኝ። "ማሚ፣ እዚያ ብቻሽን ሆነሽ አይ ካንት ስሊፕ" አለችኝ፣ ነርስ ናት፣ እንቅልፏ እንጀራዋ ነው፣ እሺ አልኳት። በወሩ መጨረሻ ቤቱን እንደምለቅ ለአከራዩ ኖቲስ ልሰጥ፣ ሰይድም ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጥቶ ዲሹን ሊያወርድ ተስማማን። ሳጥኗን ረድኤት ራሷ ነቅላ፣ ሽቦዋን ጠምጥማ ኩሽና መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻት፣ የመኝታ ቤቱን ቴሌቪዥን አጠፋችው፣ በሩንም ዘጋችው። እኔ እሱ ከሞተ ጀምሮ ሳሎን ሶፋ ላይ ነበር የምተኛው። ለማንም ያልነገርኩት አንድ ጥያቄ ግን ነበረኝ፣ ከዚህ ቤት ስወጣ ትቼ የምሄደው ባዶ ክፍል ነው ወይስ ኃይሉን?

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰይድ ከመምጣቱ በፊት፣ ዲሹ ሳይወርድ አንድ ጊዜ ልይለት ብዬ የኃይሉን ቡድን ጨዋታ ከፈትኩ። ደጁ ጉም ነው፣ ቤቱ ግን ብርሃን ነው፣ ቁርሴን በልቼ ሻይ ይዣለሁ፣ አላንቀላፋሁም፣ ይህን ያዙልኝ።

ግድግዳው ሁለቴ ተንኳኳ።

ማሞቂያው ነው አልኩ፣ ብረቱ ሲግል አንዳንዴ ይንኳኳል። ኳሱ ገና መሐል ሜዳ ነበር፣ አንዱ ተቀበለ፣ አሻገረ፣ ሌላው በጭንቅላቱ መታው፣ ገባ። እጄ ሳላዘው ነጠላዬን ወደ አፌ ወሰደው። እመኑኝ፣ ያኔም አልደነገጥኩም፣ ኃይሉ ቢኖር አሁን ያንኳኳ ነበር ብዬ አሰብኩ እንጂ፣ ይህን ካሰብኩ በኋላ ነው ልብ ያልኩት፣ ተንኳኩቷል፣ ያውም ጎሉ ሳይገባ።

ሻዩን አስቀመጥኩ። ዓይኔን ከስክሪኑ ሳልነቅል ጆሮዬን ለግድግዳው ሰጠሁት። ብዙ ሳይቆይ በመዳፍ ጧ አለ፣ እኔ ጋ ግን ኳሱ ገና በረኛው እጅ ነው፣ ወረወረው፣ ተቀባበሉት፣ የኃይሉ አጥቂ ብቻውን ወጣ፣ ከበረኛ ጋር ተገናኘ፣ ሳተ።

ሪሞቱን አንስቼ የሳሎኑን ድምፅ አጠፋሁ። ቤቱ ግን ዝም አላለም። ያው የጨዋታው ተንታኝ ከመኝታ ቤቱ ውስጥ ሲያወራ ይሰማኛል፣ ተቀይሮ የሚወጣ ተጫዋች ስም ይጠራል፣ እኔ ጋ ያ ልጅ ገና እየሮጠ ነው፣ ቆይቶ ነው ሰሌዳው ከፍ ሲል ያየሁት።

ወደ ኩሽና ሄድኩ፣ ሳጥኗ ሽቦዋ እንደተጠመጠመ መደርደሪያው ላይ ናት፣ በእጄ ነካኋት፣ ቀዝቃዛ ናት። ከዚያ መኝታ ቤቱ በር ድረስ ሄድኩ። ከበሩ ሥር ሰማያዊ ብርሃን ደመቅ ፈዘዝ ይላል። እጀታውን ያዝኩት፣ ማዞር ግን አቃተኝ።

"ኃይሉ?" አልኩ።

የተንታኙ ድምፅ ዝቅ አለ። ሲጠሩት ለመስማት ቴሌቪዥኑን እንደሚቀንስ ሰው፣ ቀስ እያለ ዝቅ አለ።

ቀጥሎ መንኳኳት ጀመረ። እንደ ጎሉ ሁለቴ አይደለም፣ ሲስቱ እንደሚያደርገውም በመዳፍ አይደለም፣ ለስላሳ ነው፣ ቀስ ብሎ፣ እየደጋገመ፣ አንድ ነገር እየታየው እንዳለ ሰው ሳያቋርጥ። ኃይሉ በሕይወቱ እንደዚያ አንኳኩቶ አያውቅም። ምን ሊመጣ ነው ብዬ ወደ ሳሎኑ ስክሪን ሮጥኩ፣ ምንም የለም፣ ኳሱ ወደ ውጪ ወጣ፣ ዳኛው ነፋ፣ ተጫዋቾቹ ተጨባብጠው ገቡ። መንኳኳቱም ቆመ።

ሰይድ መሰላሉን ተሸክሞ ሲደርስ ደጅ ቆሜ አገኘኝ።

"እትዬ ሙሉ፣ ምነው ፊትዎ አመድ መሰለ?"

ነገርኩት። እንደ መሳቅ አለና ገብቶ የመኝታ ቤቱን በር ከፈተው። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፣ አልጋው ረድኤት እንዳነጠፈችው ነው። እጁን ወደ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ሰደደና እዚያው አቆየው።

"ሲያዩበት ነበር እንዴ?"

"አልነካሁትም።"

"ሞቋል እኮ።" ኩሽና ሄዶ ሳጥኗን አገላብጦ አያት። "ያለዚች አይሆንም። ደግሞ ከዚችም ጋር ቢሆን ይዘገያል እንጂ አይቀድምም፣ ከቧንቧው ሳይወርድ ባልዲው ይሞላል?" ይህን ብሎ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከቁርአን ቀራ። ከዚያ "ዲሹን ላውርደው?" አለኝ።

"ተወው።"

"ደግ አሉ። እኔም ዛሬ እዚህ ጣሪያ ላይ ብቻዬን መውጣት አላማረኝም።"

ማታ ለረድኤት ደወልኩላት። "ማሚ፣ አንቀላፍተሽ ይሆናል፣ ኢትስ ግሪፍ፣ ሐዘን እንዲህ ያደርጋል፣ ኖርማል ነው" አለችኝ። ነቅቼ እንደነበር ነገርኳት፣ ሰይድ ቴሌቪዥኑን ሞቆ ማግኘቱንም ነገርኳት። ዘወትር እንግሊዝኛ እየቀላቀለች የምትመልስልኝ ልጅ፣ ያን ቀን በአማርኛ፣ ዝግ ብላ ጠየቀችኝ።

"የመጨረሻው መንኳኳት ምን ማለት ነው?"

"አላውቅም" አልኳት፣ "እኔ ዘንድ ገና አልደረሰም።"

እስከ ዛሬም አልደረሰም። ከዚያ ወዲህ ግድግዳው አንድ ጊዜም አልተንኳኳም። ድሮ እኔ ነበርኩ ቀድሜ አይቼ ዝም የምለው፣ አሁን ቀድሞ ያየው እሱ ነው፣ ያየው ደስታ ይሁን ሐዘን፣ የኔ ይሁን የልጃችን፣ ከመንኳኳቱ መለየት አልቻልኩም።

ኖቲሱን አልሰጠሁም። ረድኤት እረፍት ስታገኝ ከሳን ሆዜ እየመጣች ታየኛለች፣ ግቢ ብላ መለመኗን ትታለች። ቅዳሜ ጠዋት ኳስ ሲኖር ሳሎኑን ከፍቼ ድምፁን አጠፋለሁ፣ ወንበሬን ወደ ግድግዳው አስጠግቼም እቀመጣለሁ።