ሳይነካ ተኮሰ የተባለው ጠመንጃ

ጠመንጃ ፈታሹ ሙክታር የተገኘው በጀርባው ተንጋሎ ነው። ከእግሩ ሥር፣ ጥቁሩ የጎማ ምንጣፍ ላይ፣ አዲሱ የአደን ጠመንጃ ተጋድሟል። ጥይቱ በሆዱ ገብቶ ሽቅብ ወደ ደረቱ ሄዷል፤ ከእጅ አምልጦ በሰደፉ ያረፈ ጠመንጃ እንደሚተኩሰው ማለት ነው።

ይህ የሆነው በ1975 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ነው፤ ገርጂ ገና እርሻና ባሕር ዛፍ በነበረችበት ጊዜ። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጀርባ በጭቃው መንገድ ሲዘልቁ አንድ የተወረሰ ቪላ ነበር። አንድ የመንግሥት የአደን ድርጅት ጠመንጃዎቹን የሚያሠራውና የሚያስፈትሸው እዚያ ነው። ግንቡ ረጅም፣ የውጭ በሩ አንድ ብቻ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተኩሱ እንደተሰማ ጥበቃው ዓንዶም በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ግቢው ውስጥ ከእሱ ሌላ ሦስት ሰዎች ቀሩ፤ ሥራ አስኪያጁ ገብረዋሕድ፣ ባለሙያው ወልደጊዮርጊስና አዳኙ ጉግሳ።

መቶ አለቃ የሻሽወርቅ ከፖሊስ ምርመራ ስትደርስ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ገብረዋሕድ ጃንጥላውን እንኳ ሳይዘረጋ በዝናብ ውስጥ ተቀበላት።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ብዙ አትድከሚ» አላት። «አሻጥር ነው። ደውዬ ስሙን ነግሬያለሁ። አሥር ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ይወስደዋል።»

«ማንን?»

«ወልደጊዮርጊስን ነዋ። ምላጩን የሠራው እሱ፣ የሙከራውን ቀለህ የሚያዘጋጀው እሱ።»

«ከወሰዱት በኋላ ልጠይቀው እችላለሁ?»

ገብረዋሕድ ዓይኑን ወደ ጭቃው መለሰ። «ከዚያ በኋላ የሚጠይቁት ሌሎች ናቸው።»

የዚያን ዘመን ሰው ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም ነበር። የሻሽወርቅ ሰዓቷን አየች። አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ቀርቷታል።

ወልደጊዮርጊስ የስድሳ ዓመት ሰው ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ ብረት ሲሞርድ የኖረ። የመሣሪያ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ሁለት እጆቹን ጉልበቶቹ መሐል ቀብሯል።

«ጋሽ ወልዴ፣ ሙከራው እንዴት እንደሚሠራ ያስረዱኝ» አለችው።

«ይኸውልሽ ልጄ» አለ ቀና ሳይል። «ጥይትም ባሩድም የሌለው ቀለህ ይጎርሳል። ያለው ባሩዱን የሚለኩሰው ካፕሱል ብቻ ነው። ጠመንጃውን ታቀባብዪና ከወገብሽ ከፍታ ጎማው ላይ ትለቂዋለሽ። ምላጩን ማንም ሳይነካው ካፕሱሉ ጧ ካለ፣ ምላጩ አይታመንም። ሙክታር አዲሱንም አሮጌውንም አምስት አምስት መቶ ጊዜ ጥሏቸዋል። ዛሬ ነበር የሚፈርመው።»

«አሮጌውን ለምን?»

«ለማወዳደር። እኔን አዲስ ምላጭ ያሠሩኝ እኮ በአሮጌው ምክንያት ነው። ካቻምና ባሌ ላይ ብርሃነ የሚባል ዱካ ፈላጊ ሞተ። ጉግሳ ጠመንጃው ሳይነካ ተኮሰ ብሎ ቃሉን ሰጠ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ወር ሞረድኩ።»

«ባሩድ ያለው ጥይት እዚህ ክፍል ይገባል?»

«በጭራሽ።»

«ዛሬ ታዲያ ማን አስገባው?»

«እሱን ባውቅማ እዚህ ሣጥን ላይ እቀመጥ ነበር?»

ጠመንጃው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ከመቀባበያው በስተኋላ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ብረት ወደ ውጭ ወጥታለች።

«ይህች ምንድን ናት?»

«መምቻው ካፕሱሉን የሚመታው ብረት ነው፤ ይህች ጭራው ናት። የመቀባበያው እጀታ ወደ ላይ ሲነሳ መምቻው ይወጠርና ወደ ውጭ ትወጣለች። ሲተኮስ ደግሞ ትገባለች።» ጎንበስ ብሎ ሲያያት አፉ ተከፈተ። «ይቺማ...»

«ለማንም አይንገሩ» አለች የሻሽወርቅ። መቀባበያውን ቀስ አድርጋ ስትስበው የተተኮሰው ባዶ ቀለህ እግሯ ሥር ዱብ አለ።

ዓንዶምን በሩ ላይ አገኘችው።

«ከተኩሱ በፊት ምን ሰማህ?»

«ምንም። ተኩሱን ብቻ። ሮጬ ስገባ ሙክታር ወድቋል፤ ሌላ ሰው የለም። የጓሮው በር ገርበብ ብሏል። የክፍሉን ሁለቱንም በሮች ቆልፌ፣ እርስዎ እስኪመጡ ከደጁ አልተነቃነቅኩም።»

«ጠመንጃውን ነካኸው?»

«ኧረ በስማም። የሞተ ሰው ንብረት?»

«ሙክታር ትናንት ምን ይል ነበር?»

«ለጉግሳ መልእክት ሰጥቶኝ ነበር። ‹ከመፈረሜ በፊት ላናግረው እፈልጋለሁ፣ በጠዋት ይምጣ› በልልኝ አለኝ። ነግሬዋለሁ።»

ጉግሳ በረንዳው ላይ እግሩን አጣምሮ ሲጋራ ያጨሳል። ቁመቱ የትየለሌ፣ ጨዋታው የማያልቅ ሰው ነው፤ ለአደን የሚመጡት ፈረንጆች ያለ እሱ ጫካ አይገቡም።

«ሴት ነው የላኩት?» አለ ፈገግ ብሎ። «ወንዶቹ ሁሉ ግንባር ሄዱ መሰለኝ።»

«እኔንም የላኩኝ ግንባር ነው» አለች። «ተኩሱ ሲሰማ የት ነበሩ?»

«ጓሮ፣ ቧንቧው ጋ። እጄን ስታጠብ ጠመንጃው ዱብ ሲል ሰማሁ፤ ተከትሎ ተኩሱ። የሽማግሌው ሥራ አሳዘነኝ። ግን ምን ይደረጋል፣ የማይታመን ምላጭ ሰው ይበላል።»

«ሙክታርን ጠዋት አነጋገሩት?»

«የት አግኝቼው? ሳላየው ሞተ።»

«ገብተው አላዩትም? ጠመንጃውንስ አልነኩትም?»

«እኔ? ዓንዶም እንደ ውሻ በሩ ላይ ተጋድሞ በየት ልግባ?»

ገብረዋሕድም ቢሮው ውስጥ ስልክ ይዞ እንደነበረ ተናገረ፤ ወልደጊዮርጊስ ሞረዱ ላይ። ሁሉም ብቻቸውን ነበሩ፤ ማንም ለማንም አይመሰክርም። የጠየቋት ግን አንድ ነገር ነው፤ መቼ ነው የምንወጣው? ገብረዋሕድ ሳይቀር ሁለቴ ጠየቃት። የደወለው ስልክ ወደ እሱም ሊዞር እንደሚችል ያወቀ ይመስላል።

አስከሬኑ ወደ ሆስፒታል ከተወሰደ በኋላ ዓንዶምን ወደ ቧንቧው ላከችው፤ እሷ ግን የጓሮውን በር እንደነበረው ገርበብ አድርጋ ክፍሉ ውስጥ ለብቻዋ ጥቂት ቆየች። ከዚያ የሙክታርን የሙከራ ወረቀት ከመሳቢያው አውጥታ አነበበች። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ሁሉንም ወደ ሙከራው ክፍል ጠራች። ከአንድ የአሸዋ ሣጥን ፊት፣ ጠረጴዛ ላይ፣ አሮጌው ጠመንጃ ተቀምጧል።

«ካፕሱል ብቻ ባለው ቀለህ እያንዳንዳችሁ አንዳንድ ጊዜ ተኩሱልኝ» አለች። «ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት። ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።»

«ጨዋታ ነው?» አለ ጉግሳ።

«ጨዋታ አዋቂስ እርስዎ ነዎት።»

ወልደጊዮርጊስ ተኮሰ። ካፕሱሉ ጧ አለ፤ ጠመንጃውን እንደ ሕፃን አስተኛው። የመምቻው ጭራ ገብታለች። ገብረዋሕድ ዓይኑን ጨፍኖ ተኮሰና እንዳቃጠለው ድስት ቶሎ አስቀመጠው። ጭራዋ ገብታለች። ጉግሳ ጠመንጃውን በአንድ እጁ አነሳ፤ ጧ አደረገው፤ ድምፁ ከጆሮ ሳይጠፋ ቀኝ እጁ እጀታውን ወደ ላይ መታው። ወዲያው ነቃ። መልሶ ወደ ታች ተጫነውና አስቀመጠው።

ጭራዋ ወደ ውጭ ወጥታ ነበር።

ከላይ አንድ አውሮፕላን አልፎ መስኮቶቹ ተንቀጠቀጡ።

«ሙክታርን የገደለው ጠመንጃ ሲገኝ እንዲህ ነበር» አለች የሻሽወርቅ። «ውስጡ የተተኮሰ ቀለህ አለ፤ መምቻው ግን ተወጥሯል። ወድቆ በራሱ የተኮሰ ጠመንጃ ጭራው ይገባል። ራሱን መልሶ አይወጥርም። ስለዚህ ከተኩሱ በኋላ የሰው እጅ እጀታውን አንስቷል። ዓንዶም አልነካም፣ ሌላ የገባ የለም። ያ እጅ የተኳሹ ነው።»

«ልማድ ነው» አለ ጉግሳ። «አውሬ ፊት የቆመ አዳኝ ሁሉ ተኩሶ ያቀባብላል።»

«ልክ ነው። ከሦስታችሁ አዳኝ የሆነው፣ ባሩድ ያለው ጥይትም የሚይዘው ግን አንድ ሰው ነው። እጁ ቀድሞት አነሳ፤ ቀለሁ ውስጥ መቅረት እንዳለበት ሲያስታውስ መልሶ ተጫነው። የዓንዶም ኮቴ ስለመጣበት ጭራዋን ለማየት ጊዜ አላገኘም።»

«ይህ ማስረጃ ነው?»

«ብቻውን አይደለም። ጠመንጃው ዱብ ሲል ሰማሁ ብለውኛል። ቅድም የጓሮውን በር እንደነበረው ገርበብ አድርጌ አሥር ጊዜ ጎማው ላይ ጣልኩት። ዓንዶም ቧንቧው ጋ ቆሞ አንዱንም አልሰማም። መውደቁን የሰማ ሰው እዚህ ውስጥ ነበር፤ ወይም እንዲወድቅ የፈለገ ሰው ነው።»

ጉግሳ ሲጋራ ፈልጎ ኪሱን ዳበሰ።

«ለምን ይገድለዋል?» አለ ገብረዋሕድ።

የሻሽወርቅ የሙክታርን ወረቀት ዘረጋች። «አዲሱ ምላጭ፣ አምስት መቶ ጊዜ ወደቀ፤ አንድም ጊዜ አልተኮሰም። አሮጌውም አምስት መቶ ጊዜ ወደቀ፤ እሱም አንድም ጊዜ አልተኮሰም። ካቻምና ሳይነካ ተኮሰ የተባለው ይኸው ጠመንጃ ነው። ሙክታር ይህን ፈርሞ ቢሰጥ የብርሃነ ሞት እንደገና ይጠየቅ ነበር። ሰውየው ጨዋ ስለነበረ ከመፈረሙ በፊት ለጉግሳ ሊነግረው ፈለገ። ጉግሳ ደግሞ አንዴ ያዋጣውን ውሸት ደገመው።»

ጉግሳ ለረጅም ጊዜ እጁን አየ፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

«ብርሃነ በፈረንጆቹ ፊት ሰደበኝ» አለ በመጨረሻ። «ሙክታር ግን ምንም አላደረገኝም። እንዲተወው ለምኜው ነበር። ‹የቆጠርኩትን እንዴት አልቆጠርኩም ልበል› አለኝ።»

ወልደጊዮርጊስ ግድግዳውን ተደግፎ ወረደ። «አሮጌውም ምንም አልነበረውም» አለ ለራሱ። «አሥራ አራት ወር።»

አሥር ሰዓት ሳይሞላ መኪናው መጣ። ከውስጡ የወረደው ሰው ረጋ ያለ ነበር፤ ወረቀቱን እያየ «ወልደጊዮርጊስ የሚባለው የትኛው ነው?» አለ።

«እሱ አይደለም» አለች የሻሽወርቅ። «ገዳዩ ይኸው፣ አምኗል።»

«እኔ የታዘዝኩት በስም ነው፣ እቴ። ስሙን የሰጠው ሰው ካልሰረዘው ይዤ እሄዳለሁ።»

ሁሉም ወደ ገብረዋሕድ ዞሩ። መሰረዝ ማለት ለእነዚያ ሰዎች ተሳስቼ ነበር ብሎ በፊርማ መናገር ነው። እስክሪብቶውን ያዘ፤ ጫፉ ከወረቀቱ በላይ ቆሞ ቀረ።

«ጓድ ገብረዋሕድ» አለች ዝግ ብላ፣ «እኔ በሪፖርቴ ያየሁትን እጽፋለሁ። እርስዎ ምን እንዳደረጉም አብሮ ይጻፋል።»

ሰረዘው። እስክሪብቶውን ሲጫነው ወረቀቱ ተቀደደ፤ ከቀዳዳው ጎን ጉግሳ ብሎ ጽፎ ፈረመ።

መኪናው ጉግሳን ይዞ ሄደ። ዓንዶም በሩን እንደከፈተ ተወው። ወልደጊዮርጊስ ግን ከግድግዳው ሥር አልተነሳም።

«ጋሽ ወልዴ፣ በሩ ክፍት ነው እኮ። ወደ ቤትዎ ይሂዱ።»

«አይቼዋለሁ» አለ። እጁን ዘረጋላት። «ልጄ፣ እስከ መታጠፊያው ድረስ አብረሽኝ ውጪ። ብቻዬን ከወጣሁ ከኋላዬ በስሜ የሚጠራኝ ይመስለኛል።»

ክንዱን ይዛ አስነሳችው። በጭቃው ቀስ እያሉ ወጡ። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱም ክንዷን አልለቀቀም፤ እሷም ይልቀቁኝ አላለችውም።