«ለ» የተጻፈባቸው ጠርሙሶች

የቁጥር ባለሙያውን ሬሳ ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ጠዋት የጥናት ቢሮውን ወለል ልትወለውል ስትገባ፣ ሰውየው ጠረጴዛው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ አየችው። ከጎኑ አምስት ኪሎ የሚመዝን ብረት ወድቋል። ብረቱን አወቀችው። የልጇ ነው።

ልጅቷ እዚያው ቢሮ መረጃ ሰብሳቢ ናት። በየማለዳው ወደ መንደር ከመውጣቷ በፊት ያንን ብረት የሕፃናት ሚዛኑ ላይ ታስቀምጣለች፤ ሚዛኑ አምስት ካላለ አትነቃነቅም። ትናንት ከሰዓት ከሟቹ ጋር ስትጨቃጨቅ ደግሞ ሕንፃው ሁሉ ሰምቷል።

ባልደረቦቹ «መርፌው» የሚሉት ቀጭኑ መርማሪ ሲደርስ፣ ልጅቷ በፖሊስ ተጠብቃ ተቀምጣለች። እናትየው በሩ አጠገብ አንዱን ቦታ ደጋግማ እየወለወለች ጆሮዋን ጣል አደረገች።

«ለምን ተጣላችሁ?»

«በጥናቱ ነው። የከሱ ሕፃናትን ያወፍራል የተባለ ሽሮፕ አለ። ግማሾቹ እሱን፣ ግማሾቹ የስኳር ውኃ ይወስዳሉ። ጠርሙሱ ላይ ‹ሀ› ወይም ‹ለ› ብቻ ነው የተጻፈው።»

«መድኃኒቱ የቱ ነው?»

«ማንም አያውቅም። ካወቅን ሚዛኑን እንደምኞታችን እናነበዋለን። የፊደሎቹ መፍቻ በታሸገ ፖስታ ሟቹ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ሌላው ቅጂ ከለጋሾቹ ጋር ነው።»

«እና ጠቡ?»

«‹ለ› የሚወስዱትን ሕፃናት ያስመልሳቸዋል፤ ጭራሽ ከሱ። ‹ፖስታውን ክፈተው› አልኩት። ‹ጥናቱ ይበላሻል› አለኝ። ‹ሕፃናቱስ እየተበላሹ አይደል?› ብዬ ጮህኩበት። ብረቱን ግን ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ ኮሪደሩ ላይ ሰቅዬው ነው የሄድኩት፤ ሁላችንም እንደዚያ ነን።»

መርማሪው መሳቢያውን ከፈተ። ፖስታው የለም።

ዳይሬክተሩ ዓይኑን በመሐረብ እየጠራረገ ተቀበለው። «እንደ ወንድሜ ነበር። ልጅቷም ቢሆን አይፍረዱባት፤ ወጣት ናት። መድኃኒቱ ሕፃናቱን አከሳቸው ብላ ጨርቋን ልትጥል ደርሳ ነበር።»

«ውጤቱ መጥፎ ቢሆን ምን ይመጣል?»

«ከነገ ወዲያ ለጋሾቹ ለአምስት ዓመት ያራዝሙታል፤ ወይም ይዘጉታል። ሰባ ሠራተኛ ሜዳ ላይ ይቀራል።»

የለጋሹ ተወካይ አጭር መልስ የምትወድ ሴት ነበረች። «‹አልሠራም› የሚል ሪፖርት ይዤ ዋናው መሥሪያ ቤት አልገባም ብዬ ለዳይሬክተሩ ነግሬዋለሁ፤ አልክድም። ፖስታዬ ግን ይኸው፤ ማኅተሙን ይዩት።»

ማኅተሙ አልተነካም።

መርማሪው እናትየውን ከመጥረጊያዎቹ መሀል ቁጢጥ ብላ አገኛት። ጭኗ ላይ ከተጣለ ወረቀት የተሰፋ ደብተር አለ።

«እናቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የጎልማሶች ትምህርት ጀምሬ ነው፣ ጌታዬ። ከቅርጫት የለቀምኩት ወረቀት ነው። የቢሮ ወረቀት መውሰድ ክልክል እንደሆነ አውቃለሁ። እኔን እሰሩኝ። ልጄን ልቀቋት።»

ደብተሩን ገለጠ። መጨረሻው ላይ አንድ የተቀደደ ቡናማ ፖስታ አገኘና ከየት እንዳመጣችው በሹክሹክታ ጠየቃት። ነገረችው። ለምን እንደዚያ ፊቱ እንደተለወጠ አልገባትም።

ሁሉንም ትልቁ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«እዚህ ቤት ሁሉም ‹ለ› ይላል» አለ መርማሪው። «ልጅቷም ያለችው ‹ለ› አከሳቸው ነው። ‹ለ› የስኳር ውኃ ሊሆን ይችል ነበር። ዳይሬክተር፣ እርስዎ ግን ‹መድኃኒቱ አከሳቸው› አሉኝ። በምን አወቁ?»

«አፌ ስቶኝ ይሆናል።»

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ አልኩ። እመቤቴ፣ ፖስታዎን ይክፈቱልን።»

ተወካይዋ ቀደደችው፤ አነበበችው። ከዚያ «‹ለ› መድኃኒቱ ነው» አለች።

«አፍዎ የሳተው ወደ እውነቱ ነው ማለት ነው» አለ መርማሪው። የተቀደደውን ፖስታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ይሄ የሟቹ ቅጂ ነው፤ ማሸጊያው ላይ ፊርማው አለ። ባለሙያው የልጅቷን ጩኸት መቋቋም አልቻለም፤ ትናንት አመሻሽ ላይ ከፈተው። ያየውን ለአለቃው ነገረ፤ ጥናቱም ይቁም አለ። አለቃው ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ቦርሳ ተሰቅሏል፤ ቦርሳው ውስጥ ብረት አለ። ብረቱን ይዞ ተመለሰ። ፖስታው ዛሬ ጠዋት የተገኘው በእርስዎ ቅርጫት ነው።»

«ቅርጫቱ እኮ በየጠዋቱ ይቃጠላል» አለ ዳይሬክተሩ፤ ከአፉ ካወጣው በኋላ ነበር የደነገጠው።

«የሚያቃጥሉት እጆች ማንበብ እየተማሩ መሆኑን አላወቁም። ‹ሀ› እና ‹ለ› ታትመውበት ስታይ፣ የማውቃቸው ፊደሎች ናቸው ብላ ለልምምድ አስቀረችው።»

ዳይሬክተሩ ማንንም አላየም። «ሰባ ሰው...» አለ። ቃሉን ሳይጨርስ ወሰዱት።

እናትየው ልጇን አቀፈቻት። ተወካይዋ ስልኳን ዘግታ ተመለሰች። «ጥናቱ ከዛሬ ጀምሮ ተዘግቷል። መኪናም ነዳጅም አይወጣም።»

«ሽሮፑ እናቶቹ እጅ ላይ ነው» አለች ልጅቷ። «ማን ይነግራቸዋል?»

«በደብዳቤ ይገለጻል።»

«አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም እኮ። ዛሬም ጠዋት አጠጥተዋቸዋል።»

ልጅቷ ቦርሳዋን አነሳች። ያለ ብረቱ ቀለላት። እናትና ልጅ በእግር ሲወጡ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፤ የመጀመሪያው መንደር የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። የቤቶቹን ዝርዝር ለእናቷ ሰጠቻት።

«እማ፣ ‹ለ› ያለበትን ብቻ ጥሪልኝ።»

እናትየው ጣቷን ከወረቀቱ ጫፍ ላይ አሳርፋ ቁልቁል ሄደች።

«ለ» አለች። «ለ።» ገጹን ገለበጠች። «ለ።»