የሞቀው ባልዲ

ዓርብ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ገና ሳትበረታ፣ ቀወት ወረዳ ካለው የሽንኩርት ማሳ ዳር ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አባት አብዱረሂም፣ የበኩር ልጃቸው ሙሀሲንና የሰባተኛ ክፍል ተማሪዋ ፈሪሃ። ፈሪሃ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ስለሆነች ውኃ የማቅረቡ ሥራ የእሷ ነበር።

ተባይ የሽንኩርቱን ቅጠል እየመጠጠ አመድ አስመስሎታል። ዛሬ ካልተረጨ ለገበያ የሚተርፍ ነገር አይኖርም። መርጫው ደግሞ የጎረቤታቸው የጋሼ ሙዐዊያ ነው፤ ከጁምዓ በፊት መመለስ አለበት። ሙሀሲን ሁለቴ ከመርጨት አንዴ ይሻላል ብሎ የተባዩን መድኃኒትና የቅጠሉን ማዳበሪያ አንድ ባልዲ ውስጥ ገለበጣቸው። የሰፈሩ ገበሬ ሁሉ ሲቸኩል የሚያደርገው እንዲሁ ነው።

«ውኃ ጨምሪ እንጂ! ምን ቆመሽ ታያለሽ?»

ፈሪሃ ከቦዩ የቀዳችውን ጨመረች። ሙሀሲን በዱላ አማሰለው። ጥቂት ቆይቶ ድብልቁ አረፋ ደፈቀ፤ እንደ ተበላሸ ወተትም ነጭ ነጭ ነገር ይቋጠርበት ጀመር። ፈሪሃ ያዘነበለውን ባልዲ ልታቃና ጎኑን ስትይዘው ደነገጠች። ሞቋል።

ረቡዕ ዕለት መምህርት ሮማን ክፍል ውስጥ ኮምጣጤና ሶዳ ቀላቅለው አሳይተዋቸው ነበር። «ስኳር ውኃ ውስጥ ቢሟሟ ያው ስኳር ነው» አሉ። «አረፋ ካወጣ፣ ቀዝቃዛ የነበረው ከሞቀ፣ ያልነበረ ዝቃጭ ከሠራ ግን ሌላ ነገር ሆኖ እንዳይሆን ጠርጥሩ።»

«ሙሀሲን… ይሄ ነገር ተቀይሯል መሰለኝ።»

«ምኑ?»

«መድኃኒቱ። ሞቋል እኮ።»

«ኧረ አታካብጂ! ፀሐይ ነው ያሞቀው። አባ፣ ኬሚስቷን ይስሙልኝማ!»

«ውኃውን አሁን ነው የቀዳሁት» አለች ፈሪሃ፣ ድምፅዋ ሊጠፋ ደርሶ። «ቀዝቃዛ ነበር።»

አባቷ ከሽንኩርቱ መደብ መሀል ተነሥተው መጡ። በመዳፋቸው ጀርባ ባልዲውን ከውጭ ነካ አደረጉት።

«እውነትም ሞቋል» አሉ። ዞር ብለው ሽንኩርቱን አዩ። «እሺ፣ አንቺ ምን ትያለሽ? ይረጭ፣ አይረጭ?»

ፈሪሃ ባልዲውንና ሽንኩርቱን አየች። ይረጭ ብላ ቅጠሉ ቢቃጠልስ? አይረጭ ብላ ተባዩ ቢጨርሰውስ? ባልዲው ውስጥ ያለው አሁን ምን እንደሆነ አታውቅም። መጀመሪያ የገባው ነገር እንዳልሆነ ግን ዓይኗም እጇም ነግረዋታል።

«አይረጭ፣ አባ። ከጠርሙሱ የተረፈውን መድኃኒት ለብቻው እንበጥብጠው። ማዳበሪያው ሌላ ቀን ይደርሳል።»

«እንደገና በጥብጠን ለጁምዓ ልንደርስ?» አለ ሙሀሲን። «መርጫውንስ? ጋሼ ሙዐዊያን ማን ሊለምናቸው ነው? ግልፍተኝነታቸውን አታውቂም?»

«አውቃለሁ» አለች ፈሪሃ። የነጠላ ጫማዋን ጭቃ ሣሩ ላይ ጠረገች። «እኔ እለምናቸዋለሁ።»

አባቷ «እንዳለችው ይሁን» ስላሉ፣ ሙሀሲን ከቦዩ ራቅ ብሎ ጉድጓድ ቆፈረና ድብልቁን ቀበረው። ጋሼ ሙዐዊያ ፈሪሃ ሄዳ ስትለምናቸው ትንሽ ተቆጥተው መርጫውን እስከ ማታ ፈቀዱ። ሽንኩርቱ ከሶላት በኋላ በተባዩ መድኃኒት ብቻ ተረጨ።