ጉንዳን ያልነካው ሻይ

አቶ ሆሴያ ጌይንስ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በበረንዳቸው ተወዛዋዥ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ሞቱ። ሸሚዛቸው በላብ ርሶ ደረታቸው ላይ ተለጥፏል፤ ብርጭቋቸው ከእጃቸው አምልጦ ወለሉ ላይ ተንከባሏል፤ አጠገባቸው ያለው የቀዝቃዛ ሻይ ጆግ ሊሟጠጥ ትንሽ ቀርቶታል።

የወረዳው መርማሪ ቨርዴል ፕሩዊት በስልክ የማን ቤት እንደሆነ ሲነግሩት መነጋገሪያውን እንኳ በቅጡ ሳይሰቅል ነበር የወጣው። እናቱ በሞተች ጊዜ አብልተው አልብሰው ያሳደጉት አቶ ሆሴያና ባለቤታቸው እትዬ ኦዜላ ናቸው። ጋሼ ሆሴያ የጫማ ክር ማሰር ያስተማሩት ሰው ናቸው። አሁን አስከሬናቸው ፊት ቆሞ ዓይኑን ጠረገና፣ ሥራ ሥራ ነውና፣ ዙሪያውን ይመለከት ጀመር።

የፈሰሰው ሻይ በወለሉ ሳንቃ ላይ ደርቋል። ከደረጃው ሥር የረገፈውን የበሰለ በለስ ጉንዳን ወርሮታል፤ የጉንዳኑ ሰልፍ በሻዩ ጠርዝ በኩል ያልፋል። በጆርጂያ ሐምሌ ጣፋጭ ጠብ ካለ ጉንዳን ጥሪ አይጠብቅም፤ ወደዚህ ሻይ ግን አንዲትም ዞር አላለችም። ቨርዴል ጎንበስ ብሎ ጣቱን ሳንቃው ላይ ጫን አደረገ። አልተጣበቀም።

«መርዝ ነው!» አሉ ከኋላው እትዬ ኧርሊን፣ የሟች ታላቅ እህት። አስከሬኑን መጀመሪያ ያገኙት እሳቸው ናቸው።

«በምን አወቁ፣ እትዬ ኧርሊን?»

«ቀምሼዋለሁ እኮ! የተኛ መስሎኝ፣ ሙቀቱ አንገብግቦኝ ከጆጉ ቀዳሁ። መጀመሪያ ይጣፍጣል፤ ከዚያ ምላስ ላይ የሚቀር መራራ ነገር አለው፤ ቆርቆሮ የላስኩ ነው የመሰለኝ። ወዲያው ተፋሁት።»

«እርስዎ ግን ደህና ነዎት።»

«እኔንማ መርዝም ይፈራኛል» አሉና ወዲያው ፊታቸው ተጨማደደ። «ወንድሜን የገደለው ላማር ነው! ጠዋት ‹ዛሬ ይሞታሉ› እያለ ሲጮህበት መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ጆጉ ውስጥ በረዶ የጨመረውም እሱ ነው፤ ጎረቤት አይቶታል።»

ላማር የሟች ባለቤት የእትዬ ኦዜላ የእህት ልጅ ነው፤ ከጥቂት ዓመት ወዲህ ከነሱ ጋር ይኖራል። የወረዳው ፖሊስ አዛዥ፣ ሸሪፉ፣ ገና ከመድረሱ ይህን ወሬ ሰምቶ ኖሮ፣ ልጁን በጓሮ በኩል በአንድ ፖሊስ እያስጠበቀው ነው።

ቨርዴል ወደ ወጥ ቤት ገባ። እትዬ ኦዜላ ቤተ ክርስቲያኑን ለእሑዱ በዓል ሲያጸዱ ነበር መርዶ የደረሳቸው፤ ሽርጣቸውን እንኳ አላወለቁም።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሻዩን ማን ሠራው?»

«ሌላ ማን ይሠራዋል ልጄ? እዚህ ምድጃ አጠገብ ከኔ በቀር ሰው ቆሞ ያውቃል?»

«እንደ ሁልጊዜው ነው የሠሩት?»

«እንደ እናቴ። ቅጠሉን አፍልቼ፣ ምሬቱን እንዲያለዝብ ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ጣል አድርጌ፣ በትኩሱ አጣፍጬ፣ ውሃ ሞልቼ ፍሪጅ ውስጥ አስገባሁት።» ዓይናቸው ወደ ጭናቸው ወረደ። ከዚያ ድንገት እጁን ያዙት። «ቨርዴል፣ ማን እንደሆነ ስታውቅ እንዳትደብቀኝ። ላማርም ቢሆን እንኳ። በእናትህ አጥንት ማልልኝ።»

«በእናቴ አጥንት» አለ ቨርዴል።

ሲወጣ የስኳሩን ማሰሮ ከፈተ። እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ ማንኪያ የነካው አይመስልም። ጣቱን አስነክቶ ቀመሰው፤ ደህና ስኳር ነው። በዚህ ቤት አንድ ጆግ ሻይ ሲሠራ ማሰሮው ምን ያህል እንደሚጎድል ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል፤ ስንት ጊዜ ተልኮ ከሱቅ ገዝቶ ሞልቶታል!

ላማር በጓሮ፣ በአሮጌው ፒክአፕ ጎማ ላይ ተደግፎ ተቀምጧል።

«ለምን ጮህክባቸው?» አለው ቨርዴል።

«በመኪናው ቁልፍ ነው።»

«ቁልፉ ምን ሆነ?»

«ለማንም እንዳልናገር አስምለውኛል።»

«እሳቸው ሞተዋል፣ ላማር። አንተን ደግሞ ካቴና እየጠበቀህ ነው። ተናገር እንጂ!»

ላማር ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ኢንሱሊን መወጋት ከጀመሩ ወዲህ አንዳንዴ ይንቀጠቀጣሉ። ላብ ያጠምቃቸዋል፤ ዓይናቸው ይፈዛል። ባለፈው ሳምንት መኪናውን ቦይ ውስጥ ከተውታል። ቁልፉን ካልሰጡኝ አንድ ቀን መሪ እንደያዙ ይሞታሉ፣ ዛሬም ይሞታሉ አልኳቸው። አኩርፈው ቁርሳቸውን ሳይነኩ ተነሱ።»

«መርፌያቸውንስ?»

«ተወግተዋል። ከቁርስ በፊት ነው የሚወጉት።»

«ሲንቀጠቀጡ ምን ያደርጉ ነበር?»

«የአክስቴን ሻይ ነዋ! ደጋግመው ሲጠጡ ይተዋቸዋል። ‹ለኦዜላ እንዳትነግር፤ እንቅልፍ ታጣለች› ይሉኝ ነበር። ዛሬም አክስቴ ከሄደች በኋላ ጆጉን ከፍሪጅ አውጥቼ፣ በረዶ ጨምሬ አጠገባቸው አስቀመጥኩላቸው። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።»

ቨርዴል ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ገና ያኔ ገብቶታል፤ ምነው ባልገባኝ አለ በልቡ። ሐኪማቸው ጋ ደውሎ ጥቂት ጠየቀና ረጅም ጊዜ አደመጠ።

ሰኞ የምርመራው ውጤት መጣ፤ መርዝ የሚባል ነገር አልተገኘም። ሸሪፉ ግን «ያልታወቀ መርዝ ይሆናላ» ብሎ ላማርን ሊያስር ተነሣ። ቨርዴል ዝም ቢል ያልበደለው ልጅ ይታሰራል፤ ቢናገር ያሳደጉት ሴት ልብ ይሰበራል። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሳሎን ሲሰበሰቡ ወደ እትዬ ኦዜላ ጠጋ ብሎ «መጀመሪያ ለብቻችን እንነጋገር» አላቸው።

«ላማርን ያሙት በሰው ፊት ነው» አሉ። «በሰው ፊት ይጥራ።»

ቨርዴል ወደ ተሰበሰቡት ዞረ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። እኔም ከፈሰሰው ሻይ ልጀምር። ጉንዳን አልነካውም፤ እጅ ላይም አይጣበቅም። እትዬ ኧርሊን ሲቀምሱት ጣፍጦ መራራ ነገር ጥሎባቸዋል። የስኳሩ ማሰሮ ደግሞ ሙሉ ነው። ስለዚህ ሻዩ ውስጥ የገባ መርዝ የለም፤ የጎደለ ስኳር ነው ያለው። በሱ ፋንታ ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ገብቷል።»

«ታዲያ ስኳር ስለጎደለ ሰው ይሞታል?» አለ ሸሪፉ።

«ጋሼ ሆሴያ ይሞታሉ። ሐኪሙ ‹ስትንቀጠቀጥ ቶሎ ጣፋጭ ጠጣ፤ አለዚያ ትወድቃለህ› ብሏቸዋል። ቅዳሜ የደም ስኳር የሚያወርደውን መርፌ ተወግተው እህል አልቀመሱም። መንቀጥቀጡ ሲመጣ እንደ ልማዳቸው ሻዩን ጠጡ። ሻዩ ግን የሚያተርፋቸው ነገር አልነበረውም።»

«ያው ነው! በረዶ የጨመረው ልጅ ለውጦታል!» አሉ እትዬ ኧርሊን።

«አይችልም። እርስዎም እኮ ሻይ ያፈላሉ፣ እትዬ። ሻያችን የሚጣፍጠው በትኩሱ፣ ምድጃ ላይ ነው። አንዴ የገባ ስኳር ተመልሶ አይወጣም። ላማር ጆጉን ሲያወጣ ሻዩ ተሠርቶ፣ ቀዝቅዞ ነበር። ስኳሩን ያስቀረው…»

«ማነው?» አለ ሸሪፉ።

«ምድጃው አጠገብ የቆመችው ናት» አሉ እትዬ ኦዜላ።

ከሽርጣቸው ኪስ የተቀደዱ ትንንሽ ሮዝ የማጣፈጫ ወረቀቶች አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ሐኪሙ ለኔ ‹ስኳር ይገድለዋል› ነው ያለኝ። ሆሴያ ደግሞ ሻዬን ተው ብለው አይሰማኝም። ቅዳሜ የመጀመሪያዬ ነበር። በጣዕሙ እንዳይነቃብኝ ሶዳውን ትንሽ አበዛሁበት። ኧርሊን ሰምታ ‹ወንድሜን የውሸት ስኳር ታጠጣዋለች› ብላ እንዳትስቅብኝ ስል ለሰው አልተናገርኩም። ዕድሜ ልጨምርለት ብዬ ነው፣ ቨርዴል። ዕድሜ ልጨምርለት ብዬ!»

«እኔ ብነግርሽ ኖሮ አክስቴ…» ብሎ ላማር ሳይጨርስ እትዬ ኦዜላ አፉን በመዳፋቸው ያዙት።

እትዬ ኧርሊን ብድግ አሉ። ሁሉም ይጮኻሉ ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን ወደ ወንድማቸው ሚስት ሄደው ተንበረከኩና ጭናቸው ላይ ተደፍተው ተንሰቀሰቁ። «መሳቅስ እስቅብሽ ነበር» አሉ። «ምላሴ ይቆረጥ፣ ኦዜላ!» ሸሪፉ ላማርን ትቶ ወጣ።

እትዬ ኦዜላ ወደ ቨርዴል ቀና አሉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ልጄ። ስንት ብርጭቆ ጠጣ?»

ቨርዴል በሥራው ዋሽቶ አያውቅም።

«አንድ ብቻ፣ እትዬ። ወዲያው ነው ያሸለቡት። አልተሠቃዩም።»

ጉንጩን በእጃቸው ዳሰሱት።

«ሆሴያ እኮ ሻዬን አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ ያቆመበት ቀን የለም» አሉ። «እስኪሻለው ነው የጠጣው። ይሻለኛል እያለ፣ እኔን አምኖ ነው የጠጣው።»

ቨርዴል ከእግራቸው ሥር ቁጭ አለና እንደ ልጅነቱ አለቀሰ።