ሰባት ማለት ያቃተው ወንድሜ

መጋቢት 12 ቀን 2016 ዓ.ም፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል።

የማያምን አያምን። እኔ ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርኩ።

ወንድሜ ዱዋል ጋምቤላ ከተማ ጫኝ አውራጅ ነበር። ሲሚንቶ ሲሸከም ኖሮ ወገቡ አለቀ። በዚያ ዓመት ስለ ወገብና ጉልበት ሕመም የሚያጠኑ ሰዎች መጥተው ከገበያው ጀርባ ቤት ተከራዩ። መድኃኒት አይሰጡም። ታማሚውን ከቦታው በማይነቃነቅ ብስክሌት ላይ ያወጡትና ያስነዱታል። ፔዳሉን ቀስ በቀስ ያከብዱበታል። በየመሃሉ «ሕመምህ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው?» ይሉታል።

ሰባት ካለ ወዲያው ያቆሙታል።

ሰባት ካላለ ይቀጥላል...

ዱዋል ሰባት ብሎ አያውቅም። ሁልጊዜ ዜሮ ነው።

የምታስነዳው ነጅሚያ ነበረች፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ እዚሁ ከተማ በአባቷ ሱቅ ያደገች። የዱዋል አማርኛ ጎደሎ ስለነበር እኔ ከአጠገቡ ወንበር ላይ ተቀምጬ አስተረጉማለሁ።

«ነጅሚያ፣ ይሄ ሳይክል ሰነፍ ነው» አላት የዚያን ቀን። «ይሄን ሁሉ ነዳሁ፣ እዚህ ቅርብ ኢታንግ ከተማ እንኳ አልደረሰም።»

«አንተ ወሬህን ትተህ ንዳ» አለችው እየሳቀች።

ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል። ነጅሚያ ላቧን በሻሿ ጫፍ ትጠርጋለች። እኔም ልብሴ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል።

ዱዋል ግን አንድ ጠብታ ላብ የለበትም።

ነጅሚያ ጣቱ ላይ ያለውን የልብ ምት መለኪያ አየችው። አውልቃ እንደገና አደረገችለት።

«ምነው?» አልኳት።

«ልቡ... እንደተኛ ሰው ነው የሚመታው።»

ጉልበቱ በታጠፈ ቁጥር እንደ ደረቅ እንጨት ይንቋቋል።

«ስንት ነው?»

«ዜሮ።»

ነጅሚያን ወደ በሩ ሳብኳት።

«እኔ እያለሁ አይነግርሽም» አልኳት በሹክሹክታ።

«ለምን?»

«ግንባሩን አላየሽም? ያ የወንድነት ምልክት መስመር በቢላ ሲቆረጥ መሬት ላይ በጀርባው ተኝቶ ነው። ዘመድ ከቦ ያየዋል። ዓይኑን የጨፈነ፣ የተንቀሳቀሰ... ዕድሜ ልኩን ፈሪ ይባላል። እኔም ትንሽ ልጅ ሆኜ ቆሜ አይቼዋለሁ። አልተንቀሳቀሰም።»

ነጅሚያ ፊቷ ተለወጠ።

«ዜሮ ሲለኝ እኮ የተሻለው መስሎኝ ነው የማከብድበት... ውጪ። ውጪልኝ።»

ወጣሁ። ከበሩ መጋረጃ ጀርባ ቆምኩ። ወንበሬ ባዶውን ቀረ።

«ዱዋል፣ እኔና አንተ ብቻ ነን። ስንት ነው?»

«ዜሮ።»

ከዚያ... ከባዶው ወንበር በኩል፣ በእኛው በኑዌር ቋንቋ፣ በጣም ቀስ ብሎ...

«ሰባት።»

የልጅ ድምፅ ነው።

አወቅሁት። ግንባሩ ሳይቆረጥ፣ ድምፁ ሳይጎረንን በፊት የነበረው ዱዋል ነው።

«ማነው የተናገረው?» አለች ነጅሚያ።

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። «ሰባት ነው ያለው። አቁሚው።»

ፔዳሉን አቀለለችው። «በቃ ዱዋል፣ ውረድ።»

አልወረደም።

«እግሬ እምቢ አለ» አለ፣ እንዳፈረ ሰው ፈገግ ብሎ።

ሁለታችንም ጉልበቱን ይዘን ልናቆመው ሞከርን። በዚያ ሙቀት ጉልበቱ ከወንዝ ውሃ ይቀዘቅዛል። እጃችንን እየገፋ መሽከርከሩን ቀጠለ።

«ስምንት...» አለ ወንበሩ ላይ ያለው።

ዱዋል ወደዚያ ዞሮ አላየም።

ለቅቄው ተነሳሁ። ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

«ወንድሜ፣ ፊቴን አዙሬያለሁ። አላይህም። አንዴ... አንዴ ብቻ አመመኝ በል።»

ፔዳሉ ፈጠነ።

«ዱዋል፣ ለማንም አልናገርም።»

ከዚያ ያ ትልቁ ወንድሜ፣ በደህናው ድምፁ፣ «ምንም የለም» አለኝ።

ወንበሩ ላይ ያለው ማልቀስ ጀመረ።

«አስር» አለ።

ፔዳሉ ቆመ።

አንድ ነገር በባዶ እግሩ እየሮጠ በጎኔ አለፈ። መጋረጃው እስከ ወገቤ ድረስ ተነሳና ወደቀ።

ስዞር ዱዋል ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። እጆቹ መሪው ላይ ናቸው። ዓይኖቹ አልተጨፈኑም። ነጅሚያ አንገቱን ደጋግማ ዳሰሰች... ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

አመሻሹ ላይ ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ላለችው እናታችን ደወልኩ። እንዴት እንደምነግራት አላውቅም ነበር። ገና አፌን ሳልከፍት፣

«ቀስ ብለሽ አውሪ» አለችኝ።

«እማ...»

«እያለቀሰ ነው የመጣው። እንዲህ ያስለቀሰው ማነው? አሁን ገና ጭኔ ላይ ተኛልኝ።»

«ማን፣ እማ?»

«ምን ማን ትያለሽ» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ዱዋልን ዓርብ ቀበርነው።

እናታችንን የሚያመጣ መኪና ልከን ነበር። ሾፌሩ ብቻውን ተመለሰ። «ልጁን ለማን ትቼ እመጣለሁ?» አለች አለን።